ስልኩን ለሕፃኑ ከመስጠታችን በፊት
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ሩቅ የሚያስኬደን አይደለም፤ በየቤታችን ከመከዳው አጠገብ የሚገኝ ነው። ይኸውም ገና ፊደል ያልለዩ ወይም ለይተው ያልጨረሱ ሕፃናት በወላጆቻቸው ስልክ አማካይነት ወደ ኢንተርኔት በሚገቡበት ጊዜ ከጉዳት ይጠበቁ ዘንድ ወላጆችና ትምህርት ቤቶች ምን ማድረግ እንደሚገባቸው የሚመለከት ነው።

ስለዚህ ነገር በውጭ አገር ቋንቋ የተጻፈው ምክር ብዙ ነው። ነገር ግን አብዛኛው የሚነሣው ልጁ የራሱ ስልክ፣ የራሱ አካውንትና የራሱ ክፍል አለው ከሚል ግምት ነው። የብዙው የአገራችን ቤት ሁኔታ ከዚህ የተለየ መሆኑ የታወቀ ነው። ስልኩ የእናት ወይም የአባት ነው፤ እናት ወጡን እስክታወጣ፣ አባት እንግዳውን እስኪሸኝ ድረስ ለሕፃኑ ይሰጠዋል፤ ኋላም እያለቀሰ ይነጠቃል። በዚያው ስልክ ውስጥ የቴሌብር ገንዘብ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የቤተ ዘመድ ፎቶግራፍና የጎልማሶች ወሬ አንድ ላይ ታጭቀው ይገኛሉ። ልጁ አስቸገረኝና ሰጠሁት እንላለን፤ እውነቱን ከተናገርን ግን ብዙውን ጊዜ ዕረፍት የፈለግነው እኛው ነን። በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ስልኩ የጋራ ከመሆኑ የተነሣ የሚመጣውን ውጤት ልብ ብለን እንመልከት። ቲክቶክ ከጥር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 15 ዓመት የሆነ ተጠቃሚዎች አካውንት ከመነሻው ለማይታወቅ ሰው የተዘጋ እንዲሆን አድርጓል፤ ከ16 ዓመት በታች ላሉትም የግል መልእክት መላላክን ከልክሏል። መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ የሚመለከተው በምዝገባው ጊዜ የተጻፈውን የልደት ዘመን እንጂ ስልኩን የያዘችውን ትንሽ ጣት አይደለም። የሰባት ዓመት ሕፃን በአባቱ አካውንት ሲገባ ማሽኑ የሚያውቀው የአርባ ዓመት ሰው መግባቱን ነው፤ ስለዚህም ለአርባ ዓመት ሰው የሚሆነውን ሁሉ ያቀርብለታል። በዩቲዩብም ቢሆን ነገሩ አንድ ነው። ቀደም ሲል የታየውን መሠረት አድርጎ ተመሳሳዩን እያከታተለ የሚያመጣ ስለ ሆነ፣ አባት ማታ ሲመለከተው ያመሸው የጦርነት ወሬ ጧት ከተረቱ ቀጥሎ በልጁ ፊት ቢደቀን የሚያስገርም አይደለም።

ብዙ ሰው የ13 ዓመቱ ገደብ ከወዴት እንደ መጣ ይጠይቃል። ሐኪሞች ተመካክረው ልጅ በ13 ዓመቱ ይበስላል ብለው የወሰኑት ነገር አይደለም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1991 ዓ.ም. ያወጣው ሕግ ከ13 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ የግል መረጃ መሰብሰብን ስለ ከለከለ፣ ኩባንያዎቹ ራሳቸውን ከክስ ለማዳን ያቆሙት አጥር ነው። በዚሁ ሕግ ተከሰው ዩቲዩብና ባለቤቱ ጉግል በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። አውስትራሊያ ደግሞ ገደቡን ከፍ አድርጋ፣ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በታላላቆቹ የማኅበራዊ መገናኛዎች አካውንት እንዳይኖራቸው ኩባንያዎቹን በሕግ አስገድዳለች። የሕጉ ፍሬ ገና የሚታይ ነው። ይሁን እንጂ በአባቱ ስልክ ለሚጫወት ሕፃን እንዲህ ያለው ሕግ የሚጥልለት ጥላ ጠባብ ነው።

ማሽኑ ራሱ ክፉውን ከደጉ ይለይልናል ብሎ መተማመንም፣ በተለይ ለአማርኛ ተናጋሪ፣ የሚያዋጣ አይደለም። ቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን በመስከረም 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ቀርባ ምስክርነት በሰጠች ጊዜ የኩባንያው የጥበቃ ሥራ ከእንግሊዝኛ ውጭ ባሉት ቋንቋዎች ደካማ መሆኑን ስታስረዳ የኢትዮጵያን ስም አንሥታለች። እንግሊዝኛውን የሚያጣራው ወንፊት በአማርኛው ላይ ቀዳዳው ሰፊ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ በቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ የዕድሜን ነገር እናንሣ። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ተቀምጦ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን እንዲያይ አይመከርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለውም በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አይመልከት፤ ከዚያም ቢያንስ ይሻላል ብሏል። ከዚህ ከፍ ላለው ልጅ እጅግ ቀላልና ወጪ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። ወላጁ ራሱ አስቀድሞ ያየውን ተረት ወይም መዝሙር በስልኩ ላይ አውርዶ፣ ዳታውን ዘግቶ መስጠት ነው። ዳታው በተዘጋ ስልክ ውስጥ እንግዳ ሰው አይገባም። ከዚህም ሌላ በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ አንዱን መተግበሪያ ብቻ ከፍቶ፣ ልጁ ከዚያ እንዳይወጣ በምስጢር ቁጥር መቈለፍ ይቻላል፤ ይህን የማያውቅ ወላጅ ስልኩን ከሸጠለት ሱቅ ወይም ከጎረምሳ ዘመዱ በአምስት ደቂቃ ሊማረው ይችላል። በዩቲዩብም ላይ ተከታዩ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር ማድረግ ይቻላል። የቴሌብሩን ምስጢር ቁጥር በልጅ ፊት መምታት ግን መቅረት አለበት፤ ፊደል ያልቈጠረ ሕፃን የጣትን አካሄድ አይቶ መያዝ አያቅተውም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከፋው ነገር እናልፋለን። አሥር ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆቻችን ፍሪ ፋየርና ፐብጂ በሚባሉት ጨዋታዎች ሲጠመዱ ማየት የተለመደ ሆኗል። እነዚህ ጨዋታዎች ከቀድሞዎቹ የሚለዩበት ዋና ነገር ልጁ ከማያውቀው ሰው ጋር ጓድ ሆኖ የሚጫወትባቸው፣ በድምፅም የሚነጋገርባቸው መሆናቸው ነው። ከወዲያ ማዶ ያለው ተጫዋች እኩያው ይሁን የሠላሳ ዓመት ሰው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ክፉ ሰው በክፉ ቃል አይጀምርም። በመጀመሪያ ልጁን ጎበዝ ነህ ብሎ ያመሰግነዋል። ቀጥሎ ዳይመንድ የተባለውን የጨዋታውን ገንዘብ በስጦታ ይልክለታል። ከዚያ በኋላ ስንተኛ ክፍል ነህ፣ ትምህርት ቤትህ የት ነው፣ አባትህ ስንት ሰዓት ይገባል እያለ ቀስ በቀስ ይጠይቀዋል። ወዳጅነቱ ሲጸና እዚህ አይመችም፣ በቴሌግራም እንነጋገር ይለዋል። ለእናትህ ግን እንዳትነግራት የሚለው ቃል የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ፎቶግራፍ ይጠይቃል፤ ልጁ አንዲት የማትገባ ፎቶግራፍ የላከ እንደ ሆነ ምስጋናው ወደ ማስፈራራት ይለወጣል። ሌላ ካልላክህ ይህችን ለአባትህ አሳያለሁ ይለዋል። ሕፃኑም ከዚያ ሰው ይልቅ አባቱን ስለሚፈራ ይታዘዛል።

ይህን መንገድ በሙሉ ለስምንት ዓመት ልጅ ማስረዳት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ሕፃን ሊይዘው የሚችለው አንድ ምልክት ግን በመካከሉ አለ፤ እርሱም ምስጢር ነው። የልደት ስጦታ ቢደበቅ ቀኑ ሲደርስ ይገለጣል፤ ሁሉም ይስቃል። ከእናትህ ለዘለዓለም ደብቅ የሚል ትልቅ ሰው ግን፣ ደግ ቢመስልም፣ ስጦታ ቢሰጥም፣ የሚያውቁት ዘመድ እንኳ ቢሆን፣ ወዲያው ሊነገርበት የሚገባ ሰው ነው። ይህን ያህሉን የአምስት ዓመት ልጅም ይረዳዋል።

ነገር ግን ልጁ እንዲነግረን የምንፈልግ ከሆነ ሲነግረን የምናሳየውን ፊት ማስተካከል ይኖርብናል። በእኛ ዘንድ ሕፃን አንድ የማይገባ ሥዕል አይቶ «እማዬ፣ ይህ ምንድን ነው?» ቢል የሚያገኘው መልስ «ነውር ነው፣ ዝም በል!» የሚል ነው፤ ኩርኩምም ሊጨመርበት ይችላል። ነውርን ማወቅ የአስተዳደጋችን ጌጥ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ሕፃኑ ከዚህ ቍጣ የሚማረው ሥዕሉን መሸሽ ሳይሆን እናቱን መሸሽ ነው። ስለዚህ ልብ ቢደነግጥም ፊት ሳይደነግጥ፣ «ስለ ነገርኸኝ ደስ ብሎኛል፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ማለት ይሻላል። ስልኩን ወዲያው መንጠቅም ተናጋሪውን እንደ መቅጣት ይቈጠራል።

በዋሽንግተንና በሌሎችም የውጭ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። በዚያ ልጁ የእናቱ አስተርጓሚ ነው፤ በስልኩ ላይ የሚመጣውን የፈቃድ ጥያቄ አንብቦ ትርጉሙን የሚነግራት፣ እሺ በዪ የሚላትም እርሱ ራሱ ነው። ጠባቂውና ተጠባቂው ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። እንዲህ ላለው ቤት ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ የታመነ ጎልማሳ ዘመድ በዓመት ሁለት ጊዜ ከእናቲቱ ጋር ተቀምጦ ስልኩን ቢፈትሽ ብዙ ይጠቅማል።

ወደ ትምህርት ቤቶች ስንመጣ የምናገረው ከዚህ ይበዛል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙዎቹ የቤት ሥራን በቴሌግራም መላክ ጀመሩ፤ በሩ ከተከፈተም በኋላ ልማዱ እንደ ጸና አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ግሩፕ ነው። በግሩፕ ውስጥ የገባ ሁሉ የሌላውን ስም ያያል፤ በግልም ሊጽፍለት ይችላል። የመግቢያው ሊንክ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ የማንም ወላጅ ያልሆነ ሰው ገብቶ ቢቀመጥ በሁለት መቶ ሰው መካከል ማን ያውቀዋል? የቤት ሥራውን ለማየት ስልኩን የምትከፍተው ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ትምህርት ቤቱ በዚህ ፋንታ ቻናል ቢከፍት መልእክት የሚያወጣው እርሱ ብቻ ይሆናል፤ ወላጆችም ማስታወቂያውን ያነባሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ስም አያይም። ጥያቄ ያለው ወላጅ በስልክ ይደውል ወይም በአካል ይምጣ። ለውጡ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም።

ሌላው የፎቶግራፍ ነገር ነው። የመዋዕለ ሕፃናት ምርቃት በሆነ ጊዜ ካባና ቆብ የለበሱት ሕፃናት ፎቶግራፍ ከነሙሉ ስማቸው፣ ከክፍላቸውና ከመምህርታቸው ስም ጋር በፌስቡክ ይለጠፋል። እጅግ ደስ የሚል ሥዕል ነው። ነገር ግን አንድ ባዕድ ሰው በትምህርት ቤቱ በር ቆሞ ሕፃኑን በስሙ ጠርቶ፣ የመምህርቱንም ስም ጨምሮ፣ እናትህ ልካኝ ነው ለማለት የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን ሰጥተነዋል። ትምህርት ቤቱ በምዝገባ ጊዜ የወላጅን ፈቃድ በጽሑፍ ቢጠይቅ፣ ሲለጥፍም ስም ባይጽፍ ማስታወቂያው አይጎድልበትም። ወላጆችም ብንሆን ከዚህ ነገር ነጻ አይደለንም። ፎቶግራፉ በዱባይ ላለች አክስት እንዲደርስ ከሆነ የተፈለገው ለእርሷ ብቻ መላክ ይቻላል፤ ለአንዲት አክስት ሲባል ለዓለም ሁሉ አይለጠፍም።

ስለ ጥንቃቄ ስንናገር ከልክ ያለፈ ድንጋጤም ጉዳት እንዳለው መዘንጋት አይገባም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሞሞ የተባለች አስፈሪ ምስል ሕፃናትን ራሳችሁን ጉዱ እያለች ታዝዛለች የሚል ወሬ ተነሣ። ትምህርት ቤቶች ለወላጆች ማስጠንቀቂያ ላኩ፤ ጋዜጦችም አራገቡት። የሕፃናት ደኅንነት ድርጅቶች ግን በዚህ የተጎዳ ልጅ ስለ መኖሩ ማስረጃ እንዳልተገኘ አስታወቁ፤ ምስሉም በጃፓን ለትርኢት ከተሠራ ቅርጽ የተወሰደ ነበር። ስለ ሞሞ ሰምተው የማያውቁ ሕፃናት በማስጠንቀቂያው ምክንያት አወቋት፤ እንቅልፍም አጡባት። ላልሰሙ አሰሙ የሚል መልእክት በደረሰ ጊዜ ርእሰ መምህሩ ሳያጣራ ባያስተላልፍ መልካም ነው።

ጉዳት ደርሶ ከተገኘስ? በመጀመሪያ መልእክቱን ማጥፋት አይገባም፤ የሰውዬውን አካውንት ስምና የተላከውን ቃል በስልኩ ላይ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ፣ ከዚያም በኋላ አካውንቱን መዝጋት ነው። ገንዘብ ቢጠይቅ መክፈል አይጠቅምም፤ የከፈለ ሰው ደግሞ ይጠየቃል። የልጁን ዕርቃን የሚያሳይ ምስል ካለ ለማሳየት ተብሎ እንኳ ለዘመድ ወይም ለጓደኛ መላክ አይገባም። በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በ12ኛው አንቀጽ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅን የሚያሳይ የብልግና ምስል ማዘጋጀትንና ማሰራጨትን፣ እንዲሁም ልጅን በመልእክት ወይም በሥዕል ለዚህ ተግባር ማባበልን በወንጀል ያስቀጣል። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮም ቴክ ኢት ዳውን የተባለ ነጻ አገልግሎት አለ። ምስሉ ከስልኩ ሳይወጣ ልዩ ምልክቱ ብቻ ተወስዶ ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ቲክቶክን ለመሳሰሉት ይሰጣል፤ እነርሱም ምስሉን በሚያገኙበት ቦታ ያነሡታል።

ነገሩን አስቀድሞ የሰማው መምህር ከሆነ ሕፃኑን በክፍል ፊት አያቁመው፤ ደጋግሞም አይመርምረው። የተናገረውን በራሱ በልጁ ቃል ጽፎ በዚያው ቀን ለርእሰ መምህሩ ያስረክብ፤ ወላጅም ይጠራ። የተጠረጠረው ሰው ግን ከቤተሰቡ አንዱ የሆነ እንደ ሆነ፣ ወሬው ወደዚያ ቤት ከመድረሱ በፊት ሴቶችንና ሕፃናትን ለሚመለከተው የፖሊስ ክፍል መነገር አለበት። ሕፃኑ በዚያች ማታ የሚያድርበት ቦታ ሳይወሰንም ከትምህርት ቤቱ በር አይውጣ።