ፖሊስ ባለበትና ፖሊስ በሌለበት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለመንገድና ለትራንስፖርት ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)

በጠዋት፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት፣ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ከአያት ወደ መገናኛ ይመጣል። ወንበሩ ሞልቷል፤ በወንበሮቹም መካከል ትርፍ የተጫኑ ሦስት ሰዎች ተጣበው ተቀምጠዋል። መኪናው ሲ.ኤም.ሲ.ን አልፎ ወደ ጉርድ ሾላ ሲቃረብ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት ብቅ ያደርግና ፈጥኖ ይመልሳል። «ትራፊክ አለ፤ ትርፎች ጎንበስ በሉ!» ይላል። ተማሪው ወዲያው ያጎነብሳል፤ ከረባት ያሰረው የመሥሪያ ቤት ሰው ያጎነብሳል፤ ነጠላ የለበሱትን እናት ደግሞ ረዳቱ «እማማ፣ እርስዎም ትንሽ ዝቅ ይበሉልኝ» ብሎ በትሕትና ይለምናቸዋል። ሾፌሩም የደኅንነት ቀበቶውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፤ ስልኩን ጭኑ ሥር ይሸጉጣል፤ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። ፖሊሱ ከታለፈ በኋላ ግን ሁሉም ቀና ይላል፤ አንዳንዱም ይስቃል። ቀበቶው ወደ ቦታው፣ መኪናውም ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል።

ይህ ትርዒት ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። ከመለመዱም የተነሣ ማንም ቆም ብሎ አይመረምረውም። ሆኖም በውስጡ ለሙያው ትልቅ ትምህርት ተሰውሯል። የፖሊስ መታየት በነጂው ላይ ምን ዓይነት ለውጥ ያመጣል? ለውጡስ እስከምን ድረስ አብሮት ይጓዛል? የመንገድ ባለሙያስ ከዚህ ምን ይማራል? የዚህ ንግግር ዓላማ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በአጭሩ መመርመር ነው።

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ጎዳናዎች ዳር ቆሞ የሚያስተውል ሰው አራት ዓይነት አድራጎቶችን ይለያል።

አንደኛው ድንገተኛ ፍሬን ነው። በ1990ዎቹ በተሠራው የቀለበት መንገድ ላይ፣ ከቦሌ በገርጂ በኩል ወደ መገናኛ ሲከንፍ የነበረ ነጂ የፖሊሱን ነጭ ኮፍያ ከሩቅ ባየ ጊዜ እግሩን በድንጋጤ ፍሬን ላይ ይጥላል። ከኋላው የሚከተለው መኪና ግን ኮፍያውን ገና አላየም። እንዲህም በመሆኑ ለጥንቃቄ የቆመው ሰው መታየት ራሱ የግጭት ምክንያት እስከ መሆን ይደርሳል።

ሁለተኛው ማስመሰል ነው። ቀበቶውን ሳይቆልፍ ትከሻው ላይ የሚያጋድም ነጂ ከቅጣት ይድን ይሆናል፤ ከግጭት ግን አይድንም። ቀበቶው የተሠራው ለደረቱ ሲሆን እርሱ ግን ለፖሊሱ ዐይን ይለብሰዋል።

ሦስተኛው ማስጠንቀቅ ነው። ፖሊሱን ያለፈ ነጂ ከፊቱ ለሚመጣው የፊት መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርግለታል። አድራጎቱ የወንድማማችነት መልክ አለው፤ ተቀባዩም እጁን አንሥቶ ያመሰግናል። ዳሩ ግን የሰጪው ደግነት ተቀባዩ ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። ያ ያስጠነቀቀው ሰው ሰክሮ የሚነዳ፣ ወይም ፍሬኑ ያለቀበት የጭነት መኪና ነጂ ሊሆን ይችላል። ከጥቂት ጊዜ በኋላም የሚያልፈው የአስጠንቃቂው ልጅ ከትምህርት ቤት በሚመለስበት መንገድ ይሆናል።

አራተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስብ ነው። ምንም ጥፋት የሌለበት ሰው እንኳ ፖሊስ ባየ ጊዜ ይደነግጣል፤ መንጃ ፈቃዱንና ሊብሬውን በእጁ ይዳብሳል። ቢቆም የሚናገረውን አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ «የዛሬን ይማሩኝ» የሚለው ልመና በአፉ ዝግጁ ነው። ይህ የሚያሳየው ነጂው የሚፈራው ሕጉን ሳይሆን ሰውየውን መሆኑን ነው። ሕግ በአንድ ሰው መልክ ብቻ ሲታይ ደግሞ ያ ሰው ሲሄድ ሕጉም አብሮት የሄደ ይመስላል።

እነዚህ አራት አድራጎቶች በአንድ ነገር ይስማማሉ። ፖሊስ ሲያይ የሚያደርገውን የሚያውቅ ነጂ ሕጉንም ያውቃል። ቀበቶ ማሰር እንደሚገባው፣ ትርፍ መጫን እንደ ተከለከለ፣ ፍጥነቱ ከልክ ማለፉን ማንም ሳይነግረው በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ያስተካክላል። ስለዚህ «ነጂዎቻችን ሕጉን ስለማያውቁ ነው» የሚለው የዘወትር ማብራሪያ ሙሉ ለሙሉ ልክ አይደለም። በእነዚያ ሁለት ሴኮንዶች ውስጥ ነጂው ራሱ ምስክርነቱን ሰጥቷል። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ዕውቀቱን ሁልጊዜ በሥራ ላይ የሚያውል ምክንያት ነው።

ታዲያ የፖሊሱ ጥላ እስከ የት ይደርሳል? እ.ኤ.አ. በ1982 ኤዝራ ሃወርና ባልደረቦቹ በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ዙሪያ ባሉ መንገዶች ይህንኑ ለክተዋል። ፖሊስ በቆመበት ቦታ የመኪናዎች ፍጥነት በእርግጥ ይቀንሳል። ነገር ግን ቦታው ከታለፈ በኋላ የተገኘው ለውጥ በየ900 ሜትሩ ገደማ በግማሽ እየተመናመነ ይሄዳል። በዚህ ስሌት ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሞላ የቀረው ሩብ ያህል ብቻ ነው። የቶሮንቶ መንገድ የቦሌ መንገድ አለመሆኑ ግልጽ ነው፤ ቁጥሩን እንዳለ መገልበጥም አይገባም። ይሁን እንጂ ኦሎምፒያ ላይ ፖሊስ አይቶ የተቆጠበ ነጂ የቦሌን ድልድይ ሲሻገር ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚቀረው ለመገመት ይረዳል። በየ900 ሜትሩ ፖሊስ ማቆም የሚችል ከተማ ደግሞ በዓለም ላይ የለም።

የዚህ ነገር ክብደት የሚታወቀው በእግረኛው ላይ ነው። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሞታሉ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የመሐንዲስ ሒሳብ ምክንያቱን በግልጽ ያሳያል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ አስፋልቱ ደረቅና ፍሬኑ ጤናማ ቢሆን እንኳ፣ ለመቆም በጠቅላላው 57 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። በ50 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ግን 28 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። እንግዲህ በ30 ሜትር ርቀት ላይ አንድ ልጅ ወደ መንገዱ ቢገባ፣ በ50 የሚነዳው ሳይደርስበት ይቆማል፤ በ80 የሚነዳው ግን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ይገጨዋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰው ሕይወት ነው። ነጂውም ከዚያ ቀደም ብሎ ፖሊስ አይቶ ወደ 50 የወረደና መልሶ ወደ 80 የወጣ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔውን ቅጣት በማክበድ ብቻ የሚፈልጉ አሉ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 ጥፋቶችን በእርከን መድቦ የገንዘብ ቅጣትና የጥፋት ነጥብ ወስኖ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በደንብ ቁጥር 395 ተሻሻለ። እንዲህ ያለው ሕግ አስፈላጊ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ሰውን ከጥፋት የሚመልሰው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን አይቀሬነቱ ነው። የአውስትራሊያዋ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1982 ማንኛውንም ነጂ በማንኛውም ቦታ አስቁሞ የአልኮል ምርመራ ማድረግ በጀመረች ጊዜ በመንገድ ላይ የሚደርሰው ሞት ወዲያው ቀንሷል። ቦታውና ሰዓቱ አስቀድሞ ስለማይታወቅ የመብራት ብልጭታ ብዙ አይጠቅምም ነበር። አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በብሉምበርግ የመንገድ ደኅንነት ፕሮግራም ከታቀፉት ከተሞች አንዷ ሆና የፍጥነት መለኪያና የአልኮል መመርመሪያ መሣሪያዎችን በሥራ ላይ አውላለች። የመሣሪያው ጥቅም ግን ሁልጊዜ በታወቀው ማዕዘን ከመቆም ይልቅ ባልተጠበቀ ስፍራና ሰዓት በመገኘት ይበረክታል።

ከፍርሃት ሌላ ሰውን የሚገታ ኀይል ይሉኝታ ነው። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ከንቲባ የሆኑት አንታናስ ሞኩስ ፊታቸውን የተቀቡ ድምፅ አልባ ተዋንያንን በመስቀለኛ መንገዶች አሰማርተው ነበር። ተዋንያኑ አይቀጡም፤ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ የቆመውን ነጂ በምልክት ይቀልዱበታል እንጂ። ይሉኝታ ለኢትዮጵያዊ የሚያስተምሩት ነገር አይደለም። ይሁንና በአሁኑ ጊዜ በተገላቢጦሽ ሲሠራ ይታያል። በሚኒባሱ ውስጥ የሚያፍረው ትርፍ የጫነው ሾፌር ሳይሆን «አላጎነብስም» የሚለው ተሳፋሪ ነው።

ሦስተኛውና ለዚህ ጉባኤ ከሁሉ የሚቀርበው ኀይል መንገዱ ራሱ ነው። ሰፊ፣ ቀጥ ያለና ማቋረጫው የራቀ ጎዳና ነጂውን «ንዳ» ይለዋል፤ ዳር የተተከለው የፍጥነት ምልክት ደግሞ «ቀስ በል» ይለዋል። ነጂው የሚሰማው መንገዱን ነው። ከመገናኛ እስከ አያት በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የቀላል ባቡር ሐዲድ ጎዳናውን ለሁለት ከፍሎታል፤ እግረኛው በየት በኩል በደኅና ይሻገራል የሚለው ጥያቄም የነጂው ብቻ ሳይሆን የነዳፊው ጥያቄ ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ የእግረኛ መንገድ ሰፍቶ የብስክሌት መንገድ ተጨምሯል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን ያማረና የለሰለሰ አስፋልት ፍጥነትን እንደሚጋብዝ መዘንጋት አይገባም። ከፍ ብሎ የተሠራ ማቋረጫ፣ መሐል ላይ ለእግረኛ ማረፊያ፣ በመታጠፊያ ላይ የጠበበ ማዕዘን ቀንም ሌሊትም የሚቆሙ ጠባቂዎች ናቸው፤ ዝናብና ፀሐይ አያሰለቻቸውም፤ «የዛሬን ይማሩኝ» ብሎም የሚያባብላቸው የለም። ይህን ማለት የትራፊክ ፖሊሱን ድካም ማቃለል አይደለም። እንዲያውም ብቻውን ሊሸከመው ከማይችለው ሸክም ከፊሉን ከትከሻው ማንሣት ነው።

ክቡራን የማኅበሩ አባላት፤

የቀድሞው የኢትዮጵያ ሰው ተበዳይ በሆነ ጊዜ ዳኛም ወታደርም በሌለበት ሜዳ ላይ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ይጮኽ ነበር። የተጠራበትም ሰው እግሩን ይገታል፤ ከከሳሹ ጋር ልብስ ለልብስ ተቋጥሮም ወደ ዳኛ ይሄዳል። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ያልነበረው ፖሊስ ነው፤ ሕጉ ግን ነበር።

በቀለበት መንገድ ዳር ልጅዋን በእጅዋ ይዛ ለመሻገር የምትጠባበቅ እናት ዛሬ «በሕግ አምላክ» ብትል የሚሰማት ነጂ የለም፤ መስኮቱ ተዘግቷል፤ ፍጥነቱም አይፈቅድም። ስለ እርስዋ ሆኖ ነጂውን ቀስ የሚያሰኘው የመንገዱ አሠራር፣ የቁጥጥሩ አይቀሬነትና የተሳፋሪው አለማጎንበስ ነው። ከሦስቱ የመጀመሪያው ገና ከነዳፊው ጠረጴዛ ሳይነሣ ሊወሰን የሚችል ነው።