ካቴናው ሳይበጠስ በፊት
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ለዴሊቨሪ ሞተረኞች የተደረገ ንግግር። በፈረቃ ምክንያት መምጣት ላልቻሉ አባላት ሲባል እንደተነገረ ቀርቧል።)

ከፈረቃ ወጥታችሁ እንቅልፍ ሳታዩ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አላስረዝምም። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ስለ ካቴና። ጎማ ሲሳሳ ሁላችንም እናያለን። ፍሬን ሲደክም እግራችን ይነግረናል። ካቴና ግን ከኋላ ተደብቆ፣ እየጮኸ እንኳ «ነገ አየዋለሁ» የሚባል ነው።

ሲበጠስ ምን ይሆናል? ቀላሉ እንዲህ ነው፦ ኢንጂኑ ይጮሃል፣ ሞተሩ ግን አይሄድም። በሼክ መሐመድ ቢን ዛይድ መንገድ ላይ፣ ከኋላችሁ ትሬይለር እየመጣ፣ ድንገት ኃይል ታጣላችሁ ማለት ነው። ከባዱ ደግሞ የተበጠሰው ካቴና ተጠቅልሎ የኋላ ጎማውን ሲያስረው ወይም የኢንጂኑን ቤት መትቶ ሲሰብረው ነው። ያኔ ነገሩ የጥገና ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ይሆናል። አገራችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ አንድ አነጋገር እናስተካክል። «ካቴናው ተለጠጠ» እንላለን። ብረቱ እንደ ላስቲክ የተለጠጠ ይመስላል፤ ግን እንደዚያ አይደለም። ካቴና ከመቶ በላይ ቀለበቶች የተያያዙበት ነው። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ውስጥ አንድ ፒን አለ፤ ፒኑም ቡሽ ውስጥ ይዞራል። ካቴናው በፊትና በኋላ ጥርስ ላይ በተጠቀለለ ቁጥር ፒኑና ቡሹ ይፋተጋሉ፣ ይበላላሉ። 120 ቀለበት ባለው ካቴና ላይ እያንዳንዱ መጋጠሚያ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢበላ፣ ተደምሮ 12 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የረዘመው ብረቱ ስላለቀ ነው። ያለቀ ብረት ደግሞ ዘይት ስለቀቡት ተመልሶ አይመጣም።

እዚህ አገር ለምን ቶሎ ያልቃል? አንደኛ፣ አሸዋ ነው። ነፋስ ሲነሳ ኤምሬትስ ሮድ ላይ አሸዋው አስፋልቱን እያቋረጠ ሲሄድ ታያላችሁ። አሸዋ ከዘይት ጋር ሲደባለቅ ሞረድ ይሆናል። ስለዚህ የቆሸሸ ካቴና ላይ ሳያጸዱ ዘይት መደረብ ጥገና አይባልም፤ ሞረዱን ማለስለስ ነው። ሁለተኛ፣ የባሕሩ ጨውና እርጥበት። ዱባይም ሻርጃም አጅማንም የባሕር ዳር ከተማ ናቸው፤ ሌሊቱን ውጭ ያደረ ደረቅ ካቴና ጠዋት ዝገት ጣል ያደርጋል። ሦስተኛ፣ አነዳዳችን ነው፦ ከኋላ ሣጥን ተጭኖ፣ በየመብራቱ ቆሞ መነሳት።

አራተኛውና ትልቁ ግን ኪሎ ሜትሩ ነው። በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በ26 የሥራ ቀን 3,900 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሞተር ለሽርሽር ብቻ የሚያወጣ ሰው ይህን በዓመትም ላይሞላው ይችላል። ስለዚህ «በየወሩ አጸዳዋለሁ» የሚለው ምክር ለእኛ አይሠራም። በተለምዶ የሚባለው በየ500 ኪሎ ሜትሩ ዘይት መቀባት ነው። በእኛ ሒሳብ ይህ በየሦስት ቀኑ ማለት ነው። አሸዋ ከነፈሰ ወይም ውሃ ውስጥ ካለፋችሁ ደግሞ በዚያው ቀን። ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 16 ቀን 2024፣ የወረደውን ዝናብ ታስታውሳላችሁ፤ ሻርጃ ውስጥ ውሃው ለቀናት ያልጎደለበት ሰፈር ነበር። እንዲህ ዓይነት ውሃ ዘይቱን አጥቦ ይወስድና ጭቃውን ያስገባል። ሞተሩ ስለተነሳ ብቻ ካቴናው ደኅና ነው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለማጽዳት ነጭ ጋዝ ወይም የካቴና ማጽጃ፣ ለስላሳ ብሩሽና አሮጌ ጨርቅ ይበቃል። ቤንዚን አትጠቀሙ፤ እሳት ነው፣ በዚያ ላይ ኦ-ሪንግ ያለውን ካቴና ይጎዳል። ኦ-ሪንግ መኖሩን ለማወቅ በጎን ብረቶቹ መካከል ተመልከቱ፤ ትንሽ ጥቁር የላስቲክ ቀለበት ካያችሁ ካቴናው በውስጡ የታሸገ ግራሶ አለው ማለት ነው። እሱን በሽቦ ብሩሽ አትፈትጉት፣ በከፍተኛ ግፊት ውሃም አትምቱት። ላስቲኩ ከተቀደደ ግራሶው ይወጣል፤ ከውጭ መልሳችሁ ልታስገቡት አትችሉም።

ይህን በደንብ ስሙኝ፦ ካቴና ሲጸዳም ሲቀባም ኢንጂኑ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀል፣ ማርሹ ፎሌ ላይ ይሁን፣ ጎማው በእጅ ይዙር። ማርሽ አስገብቶ ኢንጂኑ ጎማውን እያዞረ ጨርቅ የሚይዝ ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ካቴናው ጨርቁን ይይዛል፣ ጨርቁ ጣትን ይወስዳል፤ ጣት የሚቆረጠው በአንድ ቅጽበት ነው።

ዘይቱን ፈረቃ ስትጨርሱ ቀቡት፣ ስትወጡ አይደለም። ከሥራ ሲገባ ብረቱ ሞቅ ስላለ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሌሊቱን ደግሞ ይረጋል። የካቴና ስፕሬይ ከሌለ ወፍራም የማርሽ ዘይት ይሆናል። ከታችኛው መስመር፣ ከውስጥ በኩል፣ በጎን ብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ አድርጉት፤ ሲዞር ራሱ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ከዚያ የተረፈውን ጥረጉ። ከላይ የሚያብረቀርቅ ዘይት አሸዋ ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም የለውም። ጎማና ፍሬን ላይ እንዳይፈስ ደግሞ ተጠንቀቁ።

ቀጥሎ መላላትና መወጠር። የታችኛውን መስመር መሃሉ ላይ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱት። በኛ ዓይነት ትንንሽ ሞተሮች፣ እንደ ሆንዳ ዩኒኮርን ወይም ባጃጅ ፐልሳር ባሉት፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መጫወት አለበት፤ ትክክለኛውን ቁጥር ግን የሞተሩ መመሪያ ወይም የኋላ ሹካው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይነግራችኋል። አንድ ቦታ ለክታችሁ አትተዉት። ካቴና እኩል አያልቅም። ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ በጣም የሚወጠርበትን ቦታ ፈልጉ፤ ማስተካከል ያለባችሁ እዚያ ቦታ ላይ ነው።

«አጥብቀው፣ አጥብቀው» የሚል ሰው አይጠፋም። ከልክ በላይ የተወጠረ ካቴና ከላላው ያልተናነሰ ክፉ ነው። የካምቢዮውን ኩሽኔታና የኋላ ጎማውን ኩሽኔታ ይበላል፤ ያ ሲሆን ወጪው የካቴና መሆኑ ይቀራል። ስታስተካክሉ የጎማውን ዘንግ ዳዶ አላልታችሁ፣ የግራና የቀኝ ማስተካከያዎቹን እኩል አዙሩ፤ ሹካው ላይ ያሉት ምልክቶች በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ይሁኑ። ካልሆኑ ጎማው ጠሞ ይቆምና ጥርሱን በአንድ ጎን ይበላዋል። መጨረሻ ላይ ዳዶውን በደንብ አጥብቁ፤ ከመውጣታችሁ በፊትም የኋላ ፍሬኑንና የፍሬን መብራቱን ሞክሩ፤ ጎማው ወደ ኋላ ሲሄድ የፍሬን ዘንጉ አብሮ ይወጠራልና።

አሁን ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ ጥያቄ፦ መቼ ነው የሚቀየረው? ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ በእንክብካቤው ይለያያል። ካቴናው ራሱ በሦስት መንገድ ይናገራል።

የመጀመሪያው በጣት ነው። የኋላው ጥርስ መጨረሻ ላይ ካቴናውን ይዛችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። አዲስ ካቴና ከጥርሱ ንቅንቅ አይልም። ተስቦ የጥርሱ ግማሽ ከታየ ጊዜው አልፏል።

ሁለተኛው በሜትር ነው። የጎን ብረቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። 428 ከሆነ፣ አዲስ ሳለ ከአንድ ፒን መሃል እስከሚቀጥለው ፒን መሃል 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ካቴናው ውጥር ብሎ ሳለ ከመጀመሪያው ፒን መሃል እስከ 21ኛው ፒን መሃል ለኩ፤ አዲሱ 254 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 256.5 ሲደርስ አንድ በመቶ ረዝሟል፤ ኦ-ሪንግ ያለው ከሆነ እዚህ ላይ ቀይሩት፣ የሌለውም ከሆነ ዕቃውን መፈለግ ጀምሩ። 259 ሁለት በመቶ ነው፤ ማንኛውም 428 ካቴና ከዚህ ማለፍ የለበትም። 520 ለሆነባችሁ፣ አዲሱ 317.5፣ አንድ በመቶው 320.7፣ ሁለት በመቶው 323.9 ሚሊ ሜትር ነው። መመሪያው ከዚህ ያነሰ ቁጥር ከሰጠ መመሪያውን ተከተሉ። ሦስት የተለያየ ቦታ ለኩና ትልቁን ቁጥር ውሰዱ። የሜትር ጫፍ ስለሚጫወት ከ10 ሴንቲ ሜትር ምልክት ጀምራችሁ መጨረሻ ላይ 10 ቀንሱ።

ሦስተኛው በዓይን ነው። ጥርሶቹ እንደ ማዕበል ወደ አንድ ወገን ከዘመሙ ወይም እንደ መርፌ ከሾሉ አልቀዋል። ተጸድቶና ተቀብቶም ታጥፎ የሚቀር ቀለበት፣ የተሰነጠቀ የጎን ብረት፣ የወደቀ ክብ፣ ወይም እስከ መጨረሻው የደረሰ ማስተካከያ ካያችሁ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ስትቀይሩ ካቴናውን፣ የፊቱንና የኋላውን ጥርስ አንድ ላይ ቀይሩ። የፓኪስታን መካኒኮች ጥርሱን «ጋራሪ» ይሉታል፤ «ቼን ጋራሪ ሴት» ብትሏቸው ይገባቸዋል። አዲስ ካቴና ባለቀ ጥርስ ላይ ከዋለ ባለቀው ልክ ይበላል። «ሁለት ቀለበት ቆርጠን እናሳጥረው» የሚላችሁ ካለ እሺ አትበሉ። ርዝመቱ ያጥራል፣ የተበሉት ፒኖች ግን እዚያው ናቸው። ማያያዣው ክሊፕ ያለው ከሆነ፣ የክሊፑ ድፍን ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ፣ ክፍት ጫፉ ወደ ኋላ መሆን አለበት። ተገልብጦ የገባ ክሊፕ አንድ ነገር ነክቶት ሊወልቅ ይችላል። ከጋራዥ ከመውጣታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ በዓይናችሁ እዩት፤ ማፈር የለም።

ሞተሩ የካምፓኒው ለሆነባችሁ አንድ ቃል ልጨምር። ያለቀ ካቴና ስታዩ ለሱፐርቫይዘሩ በቃል ብቻ አትንገሩ። የጥርሱን፣ ሜትሩ ካቴናው ላይ ሆኖ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም ፎቶ አንስታችሁ በዋትስአፕ ላኩ፤ ቀኑ እዚያው ይመዘገባል። መልሱንም አታጥፉት። በደሞዝ ተቀጥራችሁ ከሆነ፣ የ2021ዱ የሥራ ሕግ፣ ፌዴራል አዋጅ ቁጥር 33፣ አንቀጽ 25፣ ከደሞዝ የሚቆረጠው በምን በምን ምክንያት እንደሆነ ይዘረዝራል፤ ምክንያቱ ቢበዛም በአንድ ወር የሚቆረጠው ከደሞዙ ግማሽ እንዳይበልጥ ይከለክላል። «አንተ ነህ ያበላሸኸው» የተባለ ቀን ያ ፎቶ ምስክራችሁ ነው። የሥራ ሚኒስቴሩ ስልክ 600590000 ነው።

እየነዳችሁ ከተበጠሰ ደግሞ፦ ጋዙን ልቀቁ፣ ፍሪሲዮኑን ያዙ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ በመንከባለል ወደ ቀኝ ዳር ውጡ። ከሞተሩ ርቃችሁ፣ መከላከያ ብረት ካለ ከጀርባው ቁሙ። ካቴናውን መንገድ ዳር ተንበርክካችሁ ለመቀጠል አትሞክሩ፤ ትዕዛዙ ይዘግያል እንጂ ሰው አይተካም። አደጋ ካለ 999 ደውሉ።

በመጨረሻ፣ እርስ በርስ ለመረዳዳት የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ብሩሽ፣ ነጭ ጋዝ፣ የኋላ ማቆሚያና መፍቻ ለእያንዳንዱ ሰው መግዛት ብክነት ነው። በአንድ ቪላ ወይም በአንድ ካምፕ የምትኖሩ ተዋጡና አንድ ሣጥን ይኑራችሁ። ሁለት ሁለት ሆናችሁም ተመዳደቡ፤ የራስን ካቴና ጩኸት ጆሮ ይለምደዋል፣ የጓደኛን ግን ይሰማል። እቁብ ያላችሁ ደግሞ ካቴናው 256.5 የደረሰበት አባል ተራውን እንዲቀድም ተስማሙ። ብዙ ሰው ያለቀውን የሚነዳው ስለማያውቅ ሳይሆን ወሩ መጨረሻ ስላልደረሰ ነው።

ዛሬ ማታ ገብታችሁ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ፤ የኋላው ጥርስ ላይ ካቴናውን በጣታችሁ ሳቡት። ጥርሱ ከታየ ነገ በዚያ ሞተር አትውጡ፤ ለማኅበሩ ደውሉ፣ ተመካክረን መላ እንፈልጋለን። በሰላም ነድታችሁ በሰላም ግቡ።