ማሽኑ ሲፈርስ ምን ይትረፍ?



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ጠባብ ይመስላል። በክላውድ ላይ በቡድን የሚሠሩ ቨርቹዋል ማሽኖች በየጊዜው ይፈርሳሉ፣ እንደገናም ይሠራሉ። በዚህ መሀል ስማቸው፣ አድራሻቸው፣ ዲስካቸውና የየራሳቸው ቅንብር እንዴት ሳይጠፋ ይቆያል? የእኔ አቋም አጭር ነው። የክላውድ ማሽን ሟች ሆኖ የተሠራ ነገር ነው፤ ከእሱ ሞት በኋላ የሚተርፈው ምን እንደሆነ ግን ማሽኑ በራሱ አያውቅም። ሰው አስቀድሞ ወስኖ፣ ጽፎ ካላስቀመጠለት የሚተርፍ ነገር የለም።

ይህን ለመናገር አርባ ምንጭን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1979 ዓ.ም. እዚህ የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሲቆም ከተማዋ ውሃን የመለካት ኃላፊነት ተቀበለች። ተቋሙ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ሲያድግም ያ ኃላፊነት አልቀረም። የኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ፣ የሐሬ ወንዝ ወደ አባያ የሚያወርዱት ውሃና ደለል በየዓመቱ ካልተመዘገበ ስለ ሁለቱ ሐይቆች የምንናገረው ሁሉ ግምት ይሆናል። ያለፈ ክረምት ጎርፍ ደግሞ ተመልሶ አይለካም። የተበላሸ ፕሮግራም እንደገና ይጻፋል፤ የጠፋ የወንዝ ንባብ ግን ከየትም አይመጣም። መረጃችን እንዲህ ያለ ከሆነ፣ የሚያርፍበት ማሽን ሲሞት ምን እንደሚሆን መጠየቅ ግዴታችን ነው።

ወደ ኋላ መለስ ብለን እንይ። አማዞን ቨርቹዋል ማሽንን በሰዓት ማከራየት የጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ጊዜ ማሽኑ ሲጠፋ በዲስኩ ላይ የነበረው ሁሉ አብሮት ይጠፋ ነበር። ከማሽኑ ተለይቶ የሚኖር አይፒ አድራሻና ከማሽኑ ተለይቶ የሚኖር ዲስክ የመጡት በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ክላውድ ሲጀመር ማሽን ብቻ ነበረ፤ ከማሽኑ የሚተርፈው ነገር ቆይቶ፣ ተጠቃሚው ሲቸገር ተጨመረ። ይህ ቅደም ተከተል እስከ ዛሬ በሥርዓቱ ውስጥ ይታያል። ዝም ካሉት ይረሳል፤ አስታውስ ካሉት ያስታውሳል።

የቡድን አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ቴምፕሌት ይዘጋጃል፤ በውስጡ የማሽኑ መጠን፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ምስልና ሲነሳ የሚያከናውናቸው ትዕዛዞች ይጻፋሉ። ከዚያ «ከዚህ ሦስት ይኑሩኝ» ይባላል። ሥርዓቱ ሦስት ማሽኖች ሠርቶ በየጥቂት ሰከንዱ ጤንነታቸውን ይጠይቃል። አንዱ በተደጋጋሚ መልስ ካልሰጠ አፍርሶ ከቴምፕሌቱ አዲስ ይሠራል። ሌሊት ማንም ሳይነቃ አገልግሎቱ ይቀጥላል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ድረ ገጽ ብቻ ለሚያሳይ ማሽን ከዚህ የተሻለ አሠራር አላውቅም።

በሙያው ውስጥ ለዓመታት ሲነገር የኖረ አንድ ምክር አለ። ሰርቨርን ስም አውጥተህ እንደ ቤት ድመት አታሞላቅቀው፤ እንደ ከብት ቁጥር ስጠው፣ ሲታመም አስወግደህ ሌላ ተካ ይላል። ይህን ያሉት ሰዎች በአእምሯቸው የያዙት በሺህ የሚቆጠር ከብት የሚያረባ ድርጅት ነው። የጋሞ ደጋ ገበሬ ከብቱን እንዲህ አያውቀውም። የእንሰት ጓሮው ለምነት የሚመጣው ከጋጣው ፍግ ነው፤ እያንዳንዷን ላም ከነጠባይዋና ከነዘሯ ያውቃታል። በሰሜኑ አገራችንም አራሹ በሬዎቹን ቦራ፣ ዳልቻ፣ ወይኖ ብሎ በስማቸው ይጠራል፤ የቀኝና የግራ በሬም ሲቀያየር ሥራው ይበላሻል። ስለዚህ ያ ምክር እዚህ ሲደርስ ግማሽ እውነት ይሆናል። እርስ በርሳቸው የማይለዩ ማሽኖች አሉ፤ እያንዳንዳቸው የማይተካ ድርሻ የያዙም አሉ። የባለሙያው የመጀመሪያ ሥራ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

ምሳሌ ልውሰድ። የወንዝ ጣቢያዎችን ንባብ የሚያስቀምጥ ዳታቤዝ በሦስት ማሽኖች ላይ ተዘርግቷል እንበል። ስማቸው ኩልፎ፣ ሐሬና ሲሌ ይሁን። እንዲህ ያለ ዳታቤዝ አዲስ ንባብ የሚቀበለው አብላጫው ሲስማማ ነው፤ ከሦስት ሁለት። አንዱ ቢወድቅ ሥራው ይቀጥላል። አሁን ሐሬ ወደቀ። ቡድኑ አፈረሰውና አዲስ ሠራ፤ ነገር ግን አዲሱ የመጣው በዘፈቀደ በተሰጠው ስምና በባዶ ዲስክ ነው። ራሱን እንደ አዲስ አባል ካስመዘገበ፣ የሞተውንም ከመዝገቡ የሚፍቀው ከሌለ፣ የአባላቱ ቁጥር አራት ይሆናል። የአራት አብላጫ ሦስት ነው፤ በሕይወት ያሉትም ልክ ሦስት ናቸው። ከዚህ በኋላ አንድ ማሽን ቢወድቅ ዳታቤዙ መጻፍ ያቆማል። ሊጠብቀን የተዘረጋው ራስ ሰር ጥገና የመቋቋም አቅማችንን ራሱ በላው ማለት ነው። ይህ በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ምንም ቀይ መብራት ሳይበራ ሊደርስ ይችላል፤ ማሽኖቹ ሲቆጠሩ ሦስት ናቸውና።

መድኃኒቱ ቋሚ ቅንብር ነው። በጉግል ክላውድ የማሽን ቡድኖች ውስጥ አራት ነገሮች እንዲቆዩ ማዘዝ ይቻላል፦ የማሽኑ ስም፣ የተያያዙለት ዲስኮች፣ አይፒ አድራሻዎቹ እና ሜታዳታ የምንለው ማሽኑ ስለ ራሱ የሚያነበው መረጃ። ትዕዛዙ በሁለት እርከን ይሰጣል። አንደኛው ለቡድኑ በሙሉ የሚሠራ ፖሊሲ ነው፤ «የእያንዳንዱ ማሽን የዳታ ዲስክ ይቆይ» እንደማለት። ሁለተኛው ለአንድ ማሽን ብቻ የሚጻፍ ነው፤ «ሐሬ የሚባለው ይህን ዲስክ ይያዝ፣ የአባልነት ቁጥሩም 2 ይሁን» ይላል። ሐሬ ሲፈርስ በዚያው ስም፣ በዚያው ዲስክ፣ በዚያው ቁጥር ይመለሳል። ጓደኞቹ ለጥቂት ደቂቃ የተለያቸውን አባል መልሰው ያገኛሉ፤ ያመለጠውን ጥቂት ንባብ ብቻ ይሰጡታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ለአንድ ማሽን የተጻፈ ቅንብር መጻፉ ብቻውን ማሽኑን አይለውጠውም፤ እንዲተገበር መታዘዝ አለበት። እስከዚያው ድረስ ወረቀቱና ማሽኑ የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ቅንብሩን ጽፎ የሄደ ባለሙያ «አድርጌዋለሁ» ብሎ ያስባል፤ በማግስቱ የሚተካው ባልደረባ ደግሞ ማሽኑን አይቶ «አልተደረገም» ይላል። መተግበሩን ሳታረጋግጡ ከወንበራችሁ አትነሱ።

ቋሚነት በነጻ አይገኝም። ቋሚ ቅንብር ያለው የጉግል ክላውድ ቡድን በሥራ ብዛት ራሱን ማስፋትና ማጥበብ አይፈቀድለትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሲያጠብ የትኛውን ባለ ዲስክ ማሽን ይጣል? ሲታደስም እንዲሁ ነው። ተራ ቡድን አዲሱን አስቀድሞ ሠርቶ አሮጌውን በኋላ ያፈርሳል። ስም የሚጠበቅበት ቡድን ግን አሮጌው ካልፈረሰ አዲሱን በዚያው ስም መሥራት አይችልም። ስለዚህ በእያንዳንዱ እድሳት ያ ማሽን ለተወሰነ ጊዜ ይጎድላል፤ እድሳቱም አንድ በአንድ እንጂ በጅምላ መካሄድ የለበትም። ይህን ዋጋ እያወቅን እንክፈለው፤ ለሚገባው ማሽን ብቻ እንክፈለው።

ሁሉንም ነገር ቋሚ እናድርግ የሚል ፈተና እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ከሁሉ የምቃወመውም እሱን ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያለበት የመነሻ ዲስክ ቋሚ ከተደረገ፣ አዲስ የደኅንነት ማሻሻያ የያዘ ምስል በቴምፕሌቱ ቢገባም ማሽኑ በአሮጌው ዲስክ ይነሳል። አንድ ሰው በአንድ ምሽት በእጁ የለወጠው፣ የትም ያልጻፈው ፋይልም ለዘላለም አብሮ ይኖራል። የመነሻ ዲስኩ ይሙት፤ ዳታው በሌላ ዲስክ ላይ ይኑር። የሥራ መዝገቦች ወደ ሌላ ሰርቨር ይላኩ። የይለፍ ቃል በሜታዳታ አይጻፍ፤ ማሽኑን ማየት የተፈቀደለት ሁሉ ያነበዋልና። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ዝርዝር አጭር ይሆናል፤ አጭር መሆኑም ጥሩ ነው።

ቋሚ ዲስክ መጠባበቂያ ቅጂ አለመሆኑንም አጥብቄ ልናገር። ዳታቤዙ ከተበላሸ ያው የተበላሸ ዲስክ ለአዲሱ ማሽን በታማኝነት ይያያዝለታል። ቅጂ በየቀኑ፣ በሌላ ቦታ ይወሰድ።

ወደ ራሳችን ሰርቨር ክፍል እንምጣ። በኦፕንስታክ የራሳቸውን ክላውድ ለሚዘረጉ ተቋማት የሰርቨር ቡድን ማለት በዋናነት ማሽኖቹ በየትኛው አካላዊ ሰርቨር ላይ ይቀመጡ የሚል ደንብ ነው። ሦስቱ ቨርቹዋል ማሽኖች በአንድ ብረት ላይ ከተቀመጡ ሦስትነታቸው የስም ብቻ ነው፤ አንድ የኃይል ሳጥን ሲቃጠል ሁሉም ይሄዳሉ። ስለዚህ ተራርቀው እንዲቀመጡ የሚያዝ ደንብ ይጻፍላቸው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ሁሉም ማሽኖች በአንድ ጊዜ ይነሳሉ፤ ትልቅ ዳታቤዝ ዲስኩን አጣርቶ እስኪጨርስ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። የጤና ጠያቂው በዚህ መሀል «ሞቷል» ብሎ ካፈረሰው ማጣራቱ ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ደግሞ ይፈርሳል። ስለዚህ ከመነሳት በኋላ ያለው የትዕግሥት ጊዜ በእኛ የመብራት ሁኔታ ተለክቶ ይሰጥ፤ ከውጭ አገር መመሪያ የተገለበጠ ቁጥር አይበቃም። ኩበርኔቲስ የሚጠቀሙ ተማሪዎች ይህንኑ የቋሚ ቅንብር ሐሳብ ስቴትፉልሴት በሚለው ስም ያገኙታል፤ ተራ ቁጥር ያለው ስምና ለእያንዳንዱ የራሱ ዲስክ ይሰጣል።

በመጨረሻ የማነሳው መጥፋት ያለበትን ነገር ነው። ማሽኑ ከቡድኑ ለዘለቄታው ሲሰናበት ዲስኩ አብሮ ይሰረዝ ወይስ ይቆይ? ሁለቱንም ማዘዝ ይቻላል። «ይቆይ» ብሎ መርሳት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ባለቤት የሌለው ዲስክ በየወሩ ያስከፍላል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ በዶላር ክላውድ የሚከራይ ተቋም የተረሳ ዲስክ የሚያስከፍለውን በሂሳብ ክፍሉ ያየዋል። ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ዲስኩ የታካሚ ወይም የተማሪ መረጃ ከያዘ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ በላይ እንዳይቆይ የሚጠይቅ ሕግ ነው። የወንዝ ንባብ ለልጅ ልጅ ይቆይ፤ የአንዲት እናት የምርመራ ውጤት ግን በማንም የማይታወቅ ዲስክ ላይ ሊተው አይገባም። በየቋሚ ዲስኩ ላይ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ሲሰረዝም ማን እንደሚፈርም ይጻፍበት።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ሥራ ነው። ትምህርት በሌለበት የክረምት ሳምንት፣ ቅጂ መወሰዱን አረጋግጣችሁ፣ ከቡድኑ አንዱን ማሽን ሆን ብላችሁ አፍርሱት። ሲመለስ ስሙን፣ አድራሻውን፣ የአባልነት ቁጥሩንና የመጨረሻውን ንባብ ከቅንብሩ ጋር አስተያዩ። የጎደለውን ጻፉ፣ ተግብሩ፣ ከዚያ ሁለተኛውን አፍርሱ። ይህን ያደረገ ክፍል ጥያቄ ይዞ ቢመጣ በደስታ እቀበለዋለሁ፤ የዛሬውን ጥያቄያችሁን ደግሞ አሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።