ከአሶሳ ወደ አልፕስ፦ የቁልቁለት ብስክሌት ውድድር በባዕድ ሀገር



አንድ የጭነት መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ከመንገድ ቢወጣ፥ ሾፌሩ ዘወትር የሚሰጠው ቃል «ፍሬን በጠሰብኝ» የሚል ነው። ይህን እየሰማ ላደገ ሰው፥ ሆን ብሎ ከተራራ አናት በብስክሌት ቁልቁል የሚወረወር ስፖርተኛ አለ ቢሉት ቢደነቅ አይፈረድበትም። ስፖርቱ ግን አለ፤ ከተደራጀም ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። የመጀመሪያው ይፋ የተራራ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ፥ በኮሎራዶ ግዛት፥ በዱራንጎ ከተማ ሲሆን የቁልቁለት ውድድርም አብሮ ነበረበት። አገር አቋራጩ የተራራ ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ የኦሎምፒክ ስፖርት ሆነ። ቁልቁለቱ ግን እስከ ዛሬ ከኦሎምፒክ ደጅ ውጭ ነው። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስል፤ የብዙ ድኻ አገሮች የስፖርት ገንዘብ የሚከተለው ኦሎምፒክን ነውና፥ በኦሎምፒክ የሌለ ስፖርት በበጀት መዝገብም አይገኝም።

የዚህ ንግግር ጥያቄ አጭር ነው። በአሶሳ ከተማ የተወለደ አንድ ወጣት በዚህ ስፖርት በውጭ አገር ለመወዳደር ቢነሣ ምን ይገጥመዋል? አሶሳ ለምሳሌነት የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ በመኪና ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች፥ በዙሪያዋ ኮረብታም ሸለቆም የሞላባት፥ ከዚህም ሌላ ወደ ኋላ የሚወሳው የቀርከሃ ሀብት ያላት የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ናትና።

በመጀመሪያ ነገሩን በመሐንዲስ ዐይን መመልከት ይገባል። በዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ደንብ መሠረት የውድድሩ መስመር ከ1.5 እስከ 3.5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ የሚፈጀውም ጊዜ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ነው። ተወዳዳሪው፥ ብስክሌቱና ትጥቁ በአንድነት 100 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል፤ ውርደቱም 500 ሜትር ይሁን። ከላይ እስከ ታች የሚለቀቀው ጉልበት 490 ኪሎ ጁል ግድም ነው። ወጣቱ የመጨረሻውን መስመር በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየበረረ ቢያልፍ እንኳ በፍጥነት መልክ ይዞት የሚያልፈው ከዚህ ውስጥ 10 ኪሎ ጁል ያህሉን ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ በነፋስ፥ በጎማ፥ በአሞርዛተር ዘይትና በፍሬን ዲስክ ላይ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ውድድሩ 4 ደቂቃ ቢፈጅ ይህ በአማካይ ወደ 2 ኪሎ ዋት ይደርሳል፤ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከሚወስደው ኀይል ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። ያን ሙቀት ተሸክሞ ድንጋይና ሥር ላይ የሚዘለው ዕቃ 16 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ብስክሌት መሆኑ ሲታሰብ፥ ስፖርቱ ለምን ውድ እንደ ሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም።

የብስክሌቱም ሥሪት ከተራው ልዩ ነው። የፊቱና የኋላው አሞርዛተር 200 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰምጣል። የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ በመንገድ ውድድር ብስክሌት ላይ ከአግድሙ በ73 ዲግሪ ግድም ሲቆም፥ በዚህኛው ላይ ወደ 63 ዲግሪ ተጋድሞ ጎማውን ወደ ፊት ያስቀድመዋል፤ ጋላቢው በገደል ላይ ተገልብጦ በመሪው ላይ እንዳይወረወር ነው። የራስ ቁሩ አገጭን ጭምር የሚሸፍን መሆን አለበት። በዚህ ብስክሌት ዳገት መውጣት ግን ቅጣት ነው።

ኢትዮጵያ ለብስክሌት እንግዳ አይደለችም። አገሪቱ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፈችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልበርን ጨዋታ፥ ገረመው ደንቦባ ከጓደኞቹ ጋር በመንገድ ውድድር ተካፍሎ ቡድኑ 9ኛ ወጥቷል። ከ60 ዓመት ግድም በኋላ ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ጽጋቡ ከዚያ የደረሰው በደረጃ ነው፤ አስቀድሞ በአንድ የደቡብ አፍሪካ ፕሮፌሽናል ቡድን ውስጥ ጋለበ፤ ቀጥሎ ወደ ጣሊያን ቡድን ተዛወረ። በሩዋንዳም አድሪየን ኒዮንሹቲ እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ በአገር አቋራጭ የተራራ ብስክሌት አገሩን ወክሏል፤ ሩዋንዳም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የመንገድ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮናን በኪጋሊ አስተናግዳለች። ይህ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ነበር።

እነዚህ ሁሉ ግን ልባቸውና እግራቸው የጠነከሩ ጋላቢዎች ናቸው። ጥሩ ሳንባ በዳገትም በሜዳም ያድጋል፤ የሚፈልገውም ረዥም መንገድና አንድ ብስክሌት ነው። የቁልቁለት ጋላቢ የሚያድገው ቁልቁለትን ደጋግሞ በመውረድ ብቻ ነው። አፍሪካ በዚህ ስፖርት ያፈራችው ታላቅ ሰው የፒተርማሪትዝበርጉ ግሬግ ሚናር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003፥ በ2012፥ በ2013 እና በ2021 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ከእነዚህም የ2013ቱን ያሸነፈው በገዛ ከተማው ነው። ታሪኩን «ደቡብ አፍሪካ ሀብታም ስለሆነች» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ከፊሉም እውነት ነው። ይሁን እንጂ መታየት ያለበት ሌላው ነገር፥ በከተማው የዓለም ሻምፒዮና የሚካሄድበት መስመር መኖሩ ነው።

ወደ አሶሳው ልጅ እንመለስ። ቁልቁለት ሞልቶ የለም ወይ ይባል ይሆናል። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,570 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች፤ ዓባይ በጉባ ወረዳ ወደ ሱዳን ሲሻገር 500 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ክልሉ በጠቅላላው ዘቅዛቃ ነው። ነገር ግን ከአሶሳ በሆሞሻ በኩል ወደ ኩርሙክ የሚወስደው መንገድ ውርደቱን በ100 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ስለሚያሰራጨው በአማካይ ከመቶ አንድ ግድም ብቻ ነው። ለውድድር የሚፈለገው በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ 300 ሜትር የሚወርድ ጥግ ነው። ይህን የሚያውቁት ወርቅ ለማጠብ ከሸለቆ ሸለቆ የሚዘዋወሩ ሰዎች ናቸው፤ የቅየሳ ቡድን ቢወጣ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት እነርሱን ነው።

ጥጉ ተገኝቶ እንኳ የሚያወጣው የለም። በአልፕስ ተራሮች ብስክሌቱና ጋላቢው በገመድ መጓጓዣ ተሰቅለው ይወጣሉ፤ በአንድ ቀን አሥር ጊዜ መውረድ እንግዳ ነገር አይደለም። አሶሳ ላይ ልጁ 16 ኪሎውን እየገፋ 300 ሜትር ሲወጣ አንድ ሰዓት ያህል ያልፋል። በቀን ሦስቴ ቢወርድ፥ እያንዳንዱ ጉዞ 4 ደቂቃ ቢሆን፥ ሙሉ ቀን ደክሞ ያገኘው ልምምድ 12 ደቂቃ ነው። የአልፕሱ ተወዳዳሪው ግን 40 ደቂቃ ሠርቷል። ይህ ልዩነት በዓመት ውስጥ ሲደመር በወኔ የሚካካስ አይደለም። ባለ አራት ጎማ ፒክ አፕ ነገሩን በእጅጉ ያቀልለዋል፤ ነዳጁን የሚችል ከተገኘ።

ስለ ብስክሌቱ ዋጋ ረዥም ነገር መናገር አያስፈልግም። ለዓለም ዋንጫ የሚበቃ አዲስ ብስክሌት 5,000 ዶላር ቢባል ብዙ አልተባለም። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ ያው ብስክሌት፥ ቀረጡ ሳይታሰብ፥ ከግማሽ ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ያገለገለ ቢገዛ ይረክሳል፤ ያን ጊዜ ግን ችግሩ ከዋጋው ወደ መለዋወጫው ይዞራል።

በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል፤ የመሐንዲስ ምክር ከማንኛውም ነገር ይልቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነውና። ከእነዚህ ብስክሌቶች አንዳንዶቹ በመኪና ፍሬን ዘይት የሚሠራ ፍሬን አላቸው፤ ሌሎቹ የሚቀበሉት የማዕድን ዘይት ብቻ ነው። ሁለቱ ቢምታቱ የላስቲክ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፤ ፍሬኑም ይበላሻል። የመኪና ፍሬን ዘይት በየትኛውም የመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል፤ ሌላው ግን ከውጭ ታዝዞ የሚመጣ ነው። እንደዚሁም በአየር የሚሠራው አሞርዛተር ቀላልና ተወዳጅ ቢሆንም ማሸጊያው ሲያልቅ ይተነፍሳል፤ የብረት ሞላ ያለው ከበድ ይላል እንጂ አቧራንና ቸልታን ይታገሣል። የፊተኛው ሹካ በ50 ሰዓት ጉዞ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ዘይቱ መለወጥና መጠረግ አለበት፤ በክልሉ ቀይ አፈር ላይ ከዚያም ቀደም ብሎ። የአሶሳ ጎሚስታ ከመነዳሪ መለጠፍ አያቅተውም፤ ይህን ሥራ ግን አልተማረውም። በከተማው ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት ስለሚሰጥ፥ የወርክሾፕ ተማሪዎች በአንድ ክረምት ሊለምዱት የሚችሉት ሥራ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ብስክሌቱ ሲመረጥ በካታሎግ ውበት ሳይሆን አሶሳ ውስጥ ሊጠገን በመቻሉ መመረጥ አለበት።

አሁን ልጁ ጎበዝ ሆነ፤ ብስክሌትም አገኘ እንበል። ከአሶሳ ሲነሣ በምዕራብ ወለጋ በኩል ያለው መንገድ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በነበረው ግጭት ለረዥም ጊዜ አስጊ ሆኖ ስለቆየ፥ ብዙ ተጓዥ የሚያምነው አውሮፕላንን ነው፤ በሀገር ውስጥ በረራ በሚያገለግል ትንሽ አውሮፕላን ደግሞ የብስክሌት ሣጥን አስቸጋሪ ጭነት ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ቪዛ ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ የኢትዮጵያውያን የቪዛ ጥያቄ የሚታይበትን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዘመ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትንም አስቀረ። ይህ ለነጋዴ እንቅፋት ነው፤ ለቁልቁለት ተወዳዳሪ ግን ከእንቅፋትም በላይ ነው። የዓለም ዋንጫው በአንድ ወቅት ከአገር አገር የሚዘዋወር ነውና፥ አንድ ሳምንት ኦስትሪያ፥ ሌላ ጊዜ የሼንገን አባል ያልሆነችው ብሪታንያ፥ ከዚያም ተመልሶ ፈረንሳይ ወይም ጣሊያን ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ወረቀት ይህን መስመር መከተል አይቻልም። የባንክ ሒሳብ መግለጫና ወደ አገር የመመለስ ማረጋገጫ ሲጠየቅ፥ ደመወዝ የሌለው የ19 ዓመት ወጣት የሚያቀርበው ምንድን ነው?

ከቪዛውም የሚቀድም ሌላ በር አለ። በዓለም ዋንጫ መነሻ ላይ ለመቆም ገንዘብ ከፍሎ መመዝገብ አይበቃም፤ በመዝገብ ከሰፈሩ ውድድሮች የተሰበሰበ ነጥብ ወይም የታወቀ ቡድን አባል መሆን ያስፈልጋል። ነጥብ የሚገኝባቸው የቁልቁለት ውድድሮች አብዛኞቹ ያሉት በአውሮፓና በአሜሪካ ነው። እንግዲህ ውጭ ለመወዳደር ነጥብ ያስፈልጋል፤ ነጥብ ለማግኘትም ውጭ መወዳደር ግድ ነው። ይህ ክብ የሚሰበርበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ብሔራዊ ሻምፒዮና ነው። በደንቡ መሠረት ተመዝግቦ በአገር ውስጥ የሚካሄድ ብሔራዊ ሻምፒዮና ነጥብ ያስገኛል። ለዚህ ውድድር ወደ ኤምባሲ የሚሄድ፥ ዶላር የሚፈልግ ጋላቢ የለም። የሚያስፈልገው ደንቡን የሚያሟላ መስመር ነው፤ መስመር መሥራት ደግሞ የዚህ ማኅበር አባላት ሙያ ነው።

የመስመሩ ሥራ በገንዘብ ረገድ ከአንድ ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ጋር እንኳ የሚወዳደር አይደለም፤ ዶማና አካፋ የያዘ የሰው ጉልበት ነው። ጠላቱ ውሃ ነው። አሶሳ ላይ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ተጠቃልሎ ይወርዳል፤ በዓመትም ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ቀይ ሸክላው ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ጎማ ያረሰው ቦይም በአንድ ክረምት ወደ ገደልነት ይለወጣል። ስለዚህ መስመሩ ውሃውን በየ20 እና 30 ሜትሩ ወደ ጎን የሚያስወጣ፥ በየመካከሉም ጥቂት ወደ ላይ የሚነሣ ሆኖ መቀየስ አለበት። ውድድሩም በበጋ፥ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ቢደረግ ይመረጣል።

ቀርከሃው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በአሶሳ፥ በሆሞሻና በባምባሲ አካባቢ የሚበቅለው የቆላ ቀርከሃ ከደጋው የሚለየው ግንዱ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ በመሆኑ ነው። በጋናና በዛምቢያ ከቀርከሃ የብስክሌት ቴላዮ የሚሠሩ ወርክሾፖች ተቋቁመዋል፤ ይህን የሰማ ሰው ሁሉ የአሶሳንም ቁልቁለት ብስክሌት ከቀርከሃ መሥራት ያምረዋል። ምኞቱ ደግ ነው፤ ስሌቱ ግን አይደግፈውም። ከሁለት ሜትር ዝላይ በኋላ የሚያርፍ ቴላዮ በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሚደርስበት ጫና ከከተማ ብስክሌት ጋር አይነጻጸርም፤ ድፍኑ ግንድም ከባድ ነው። በካናዳ፥ በብሪትሽ ኮሎምቢያ፥ የተራራ ብስክሌተኞች ረግረጉንና ቋጥኙን የሚሻገሩት በእንጨት ድልድይና መወጣጫ እንደ ነበረ ይታወቃል። ለአሶሳ ቀርከሃ የሚስማማውም ሥራ ይኸው ነው፤ ድልድይ፥ የጠርዝ ድጋፍና የተመልካች አጥር። ምስጥ ግን በዚያ አገር ጎጆ የሚበላ ነው፤ ቀርከሃው በበጋ ተቆርጦ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ካልታከመ አንድ ዓመትም አይቆይ።

የቀረው የማያስደስተው ክፍል ነው። በዚህ ስፖርት የትከሻና የእጅ ስብራት የተለመደ ነው፤ የአከርካሪ ጉዳትም ያጋጥማል። በአውሮፓ ውድድር በመስመሩ ዳር ሐኪሞች ይቆማሉ፤ ሄሊኮፕተርም ይጠራል። አሶሳ አቅራቢያ የወደቀ ልጅ መጀመሪያ የሚያገኘው ወጌሻ ይሆናል፤ ወጌሻው በክንድ ስብራት የታወቀ ባለሙያ ቢሆን እንኳ አንገቱ የተጎዳ ሰው መነካካት የለበትም። ስለዚህ በመስመሩ ንድፍ ላይ ከዝላዮቹ አስቀድሞ የሚሣለው ሌላ መንገድ አለ፤ አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ከየትኛውም ጠምዛዛ ተነሥተው፥ አምቡላንስ እስከሚቆምበት ሜዳ፥ ሳይንሸራተቱ የሚወርዱበት የእግር መንገድ ነው። ስፋቱ ከ1.5 ሜትር ባያንስ፥ ዘቅዛቃነቱም ከመቶ 15 ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ በሆነበት ቦታ ደረጃ ይቆረጥለታል።