ኮምፒዩተርን ከማደስ በፊት ፈቃዱን ማወቅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ በኮምፒዩተር ክበብ ስም ያደረገው ንግግር)






ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክና ስለ ወደ ፊት ተስፋው አስረድተዋል። እኔ የመረጥሁት አርእስት ግን የየዕለት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ኮምፒዩተር ሲያረጅ ወይም ሲታመም ዊንዶውሱን ያለ ፈቃድ ችግር ማሳደግና እንደ አዲስ መጫን እንዴት እንደሚቻል ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ሰውን ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማስረዳት ከራሴ ቤት ልጀምር።

ባለፈው ክረምት ታላቅ ወንድሜ ላፕቶፑ እየዘገየ ስላስቸገረው ጽሑፎቹን ወደ ፍላሽ ገልብጦ ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ወሰደው። ባለ ሱቁ «ፎርማት ያስፈልገዋል» አለና ሁሉን ደምስሶ ዊንዶውስ 10 ጫነበት። ወንድሜ ገንዘቡን ከፍሎ ደስ ብሎት ተመለሰ። ማታ ሲከፍተው ግን በስክሪኑ ቀኝ ግርጌ «ዊንዶውስን አክቲቬት አድርግ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቆሞ ጠበቀው። በማግሥቱ ቢመልሰው ባለ ሱቁ የጸረ ቫይረሱን ጥበቃ አጥፍቶ አንድ ቁልፍ ሰባሪ ፕሮግራም ጫነለት። ጽሑፉ በእርግጥ ጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ፋይሎቹ አልከፈት አሉ፤ ፍላሹም በላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ ስለ ነበረ አብሮ ተበላሸ። ለመመረቂያው ሁለት ወር የደከመበት ጥናት በዚሁ ጠፋ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን ላፕቶፑ ሲገዛ ጀምሮ ሕጋዊ ፈቃድ የነበረው መሆኑ ነው። የክበባችን መምህር ሲመረምሩት፥ የተሸጠው ሆም ከሚባለው ዕትም ጋር ሲሆን የተጫነበት ግን ፕሮ የሚባለው ዕትም ሆኖ ተገኘ። ወንድሜ የበሩን ቁልፍ በኪሱ ይዞ በመስኮት እንደሚገባ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ወላጆቻችን ነገሩን ቶሎ እንዲረዱት በመሬት ልመስለው። አንድ የሮቤ ገበሬ የመሬት ይዞታ ደብተር አለው እንበል። አሮጌውን ሣር ቤት አፍርሶ በዚያው ቦታ ቆርቆሮ ቤት ቢሠራ አዲስ የይዞታ ደብተር አያስፈልገውም፤ ደብተሩ የሚናገረው ስለ ቦታው እንጂ ስለ ጎጆው አይደለምና። እንደዚሁም ዊንዶውስ ቤቱ ነው፤ ማዘርቦርድ የሚባለው የኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ ቦታው ነው፤ ፈቃዱ ደግሞ ደብተሩ ነው። ቤቱ ቢፈርስ ደብተሩ አይጠፋም።

ይህ አሠራር የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ማይክሮሶፍት ኩባንያ የአክቲቬሽንን ሥርዓት በሰፊው ያስገባው በጥቅምት 1994 ዓ.ም. ዊንዶውስ ኤክስፒን ባወጣ ጊዜ ነው። በዚያን ዘመን 25 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉበት ቁልፍ በወረቀት ተለጥፎ ይመጣ ነበር፤ ወረቀቱ ሲፋቅ ባለቤቱ ይቸገር ነበር። በ2005 ዓ.ም. ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ግን ታዋቂዎቹ የኮምፒዩተር ፋብሪካዎች ቁልፉን በማዘርቦርዱ ውስጥ ያኖሩት ጀመር። ቀጥሎም ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ዊንዶውስ 10 ወጣ፤ ዊንዶውስ 7 እና 8.1 ያላቸውም ለአንድ ዓመት በነጻ እንዲያሳድጉ ተፈቀደላቸው። በዚያን ጊዜ ያደገው ኮምፒዩተር በኩባንያው መዝገብ ተጽፏልና፥ ዛሬ ተደምስሶ ቢጫን እንኳ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይታወቃል። ሳያድግ የቀረው ግን እድሉ አልፎታል፤ የዊንዶውስ 7 ቁልፍ ለአዲሱ እንዲያገለግል የነበረው መንገድ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ተዘግቷልና።

እንግዲህ ኮምፒዩተሩን ከመደምሰሳችሁ በፊት የሚከተሉትን በደብተራችሁ ጽፋችሁ እንድትይዙ እለምናለሁ።

አንደኛ፥ ፋይሎቻችሁን በሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ገልብጡና ከኮምፒዩተሩ ነቅላችሁ አስቀምጡ። ተሰክቶ የተረሳ ፍላሽ ከበሽታው አያመልጥም፤ የወንድሜ ጥናት ምስክር ነው።

ሁለተኛ፥ ኮምፒዩተሩ ገና ሲሠራ ሳለ ሴቲንግስ ገብታችሁ አክቲቬሽን የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ዕትሙ ሆም ወይም ፕሮ መሆኑንና ዲጂታል ላይሰንስ የሚል ቃል መኖሩን አይታችሁ ጻፉ። የማይክሮሶፍት አካውንት ካላችሁም ፈቃዱን ከእርሱ ጋር አያይዙት፤ ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ቢለወጥ ለመከራከር ይረዳችኋል።

ሦስተኛ፥ የመጫኛውን ፕሮግራም ከማይክሮሶፍት ከራሱ ገጽ አውርዳችሁ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ባዶ ፍላሽ ላይ አዘጋጁ። ፋይሉ ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ በስልክ ዳታ ለሚያወርድ ሰው ከባድ ወጪ ነው። ነገር ግን አንዱ ያዘጋጀው ፍላሽ ከሮቤ እስከ ጎባ ለብዙ ኮምፒዩተር ሊያገለግል ይችላል። ይህ ስርቆት አይደለም፤ ፈቃዱ በየኮምፒዩተሩ እንጂ በፍላሹ ላይ አይደለምና።

አራተኛ፥ ባትሪውን ሞልታችሁ ቻርጀሩንም ሰክታችሁ ጀምሩ። በመጫን መካከል መብራት ቢጠፋ ሥራው ከመነሻው ይጀመራል።

አምስተኛ፥ ቁልፍ ሲጠይቃችሁ አትደንግጡ፤ ቁልፍ የለኝም የሚለውን መስመር ምረጡ። ቀጥሎ ዕትም ምረጡ ሲላችሁ አስቀድማችሁ የጻፋችሁትን ያንኑ ዕትም ምረጡ። ወንድሜን ያሳሳተው ይህች አንዲት ነጥብ ናት። ካለቀ በኋላ ኢንተርኔት ስታገናኙት ፈቃዱ ራሱ ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «የአማርኛ ጽሑፌስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር የመጣው የግእዝ ፊደል ቅርጽ ኒያላ ይባላል፤ ስሙም የተወሰደው እኛ በዲንሾ ሜዳ ከምናየው ከደጋ አጋዘን ነው። ዊንዶውስ 10 እንደ አዲስ ሲጫን ኒያላ አብሮ ስለማይገባ ጽሑፋችሁ መልኩን ለውጦ ይታያል። ጠፋ ብላችሁ አትዘኑ፤ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው ገጽ የኢትዮጵያን ፊደል ተጨማሪ ቅርጾች ብታስገቡ አጋዘናችን ወደ ቦታው ይመለሳል።

ዊንዶውስ 10 ራሱ መደበኛ እድሳቱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ወደ ዊንዶውስ 11 ማሳደግ ፈቃድ ላለው ሰው በነጻ ነው፤ ነገር ግን 4 ጊጋባይት ራም፥ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፥ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍልና በቅርብ ዓመታት የተሠራ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ብዙዎቹ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ይህን አያሟሉም። ለእነዚህና ፈቃድ ለሌላቸው ቁልፍ መስበር መፍትሔ አይደለም፤ ኡቡንቱን የመሰለ የሊኑክስ ሥርዓት በሕግ በነጻ ይገኛል። አክቲቬሽን የሚባል ነገርም የለበትም። ኡቡንቱ በ1997 ዓ.ም. ሲወጣ ስሙን የወሰደው ሰው የሚሆነው በሰው ነው ከሚል የደቡብ አፍሪካ አስተሳሰብ ነው፤ እኛም ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እንላለን። አቅሙ እጅግ ለደከመ ኮምፒዩተር ደግሞ እንደ ሉቡንቱ ያለ ቀለል ያለ ዓይነት አለ።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፤

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። እንግዲህ የሚሠራ ኮምፒዩተር ለባሌ ተማሪ ጌጥ አይደለም፤ የሚለማመድበት ደብተሩ ነው። ደግሞም በፈተና ከሌላው እንዳንገለብጥ የምንማር ልጆች የመለማመጃ ኮምፒዩተራችንን በተሰበረ ቁልፍ ብንከፍት ትምህርታችን ምን ላይ ቆመ ይባላል?

የጥገና ባለሙያዎችን ለመውቀስ አልተነሣሁም። እነርሱ የሚሠሩት እኛ የጠየቅናቸውን ነው፤ ብዙዎቻችንም የምንጠይቀው ፈጥኖ ማለቁንና ዋጋው መቅለሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ «ዕትሙ የትኛው ነው? ፈቃዱስ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህች ጥያቄ ገንዘብ አታስወጣም። ወንድሜ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ጥናቱ ዛሬ በእጁ ነበረ። እርሱ አሁን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደገና እየጻፈው ነው፤ ማታ ማታም ሥራውን ሲጨርስ ፍላሹን ነቅሎ በመሳቢያ ይቆልፍበታል።