ከሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚተርፍ ትምህርት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







ንግድ የሚለመደው ገበያ ውስጥ እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በአሜሪካ የሚገኘው የሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ግን ገበያውን ወደ ክፍል አስገብቶ ያስተምራል።

ትምህርት ቤቱ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1908 ተቋቋመ። ሲጀምር ከነበሩት 80 ተማሪዎች መደበኛዎቹ 33 ብቻ ነበሩ። በንግድ ሥራ አመራር የማስተርስ ዲግሪ ትምህርትን በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው ይኸው ተቋም ነው። በ1924 ጆርጅ ቤከር የተባሉ የባንክ ባለሀብት 5 ሚሊዮን ዶላር ለገሱ፤ በዚህም ገንዘብ በቦስተን ከተማ በቻርልስ ወንዝ ዳር የራሱ ግቢ ተሠራለት። ጉድለትም አልጠፋበትም። ሴቶች ሙሉውን የሁለት ዓመት ትምህርት ከወንዶች እኩል እንዲጀምሩ የፈቀደው ከ55 ዓመት በኋላ፣ በ1963 ሲሆን የገቡትም 8 ብቻ ነበሩ።

ትምህርት ቤቱ በይበልጥ የታወቀው በማስተማሪያ ዘዴው ነው። በ1919 ዲን የሆኑት ዋላስ ዶናም ሕግ የተማሩ ነበሩ። የሕግ ተማሪዎች በፍርድ ቤት ጉዳዮች ላይ እየተከራከሩ እንደሚማሩ ሁሉ፣ የንግድ ተማሪዎችም የእውነተኛ ድርጅቶች ችግር ቀርቦላቸው «እናንተ ብትሆኑ ምን ትወስናላችሁ?» እየተባሉ እንዲማሩ አደረጉ። መምህሩ መልሱን አይነግራቸውም፤ ያከራክራቸዋል።

ለአርሶ አደር ቅርብ የሆነው ታሪክ ደግሞ ይህ ነው። «አግሪቢዝነስ» የሚለው ቃል የወጣው ከዚሁ ትምህርት ቤት ነው። ጆን ዴቪስ ወደዚያ ከመሄዳቸው በፊት የአሜሪካ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ብሔራዊ ምክር ቤት በኃላፊነት የመሩ ሰው ናቸው። እሳቸውና ሬይ ጎልድበርግ በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ቀድሞ የገበሬ ቤተሰብ ዘሩንም መሣሪያውንም ራሱ ያዘጋጅ፣ ምርቱንም ራሱ ፈጭቶና አከማችቶ ይሸጥ ነበር። በኋላ ግን ግብዓቱም ማቀነባበሩም ሽያጩም ወደ ሌሎች እጅ ገባ። ስለዚህ እርሻን ከዘር እስከ ማዕድ እንደ አንድ ሰንሰለት ማየት ያስፈልጋል አሉ። ዩኒየን የሚቋቋመውም አርሶ አደሩ ከዚህ ሰንሰለት ድርሻውን እንዲያስመልስ ነው።

እስቲ አንድ ጉዳይ ይቅረብ። አጨዳው አልቋል፤ ዋጋ ወርዷል። አባሉ የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ የልጆች ወጪም ደርሷል። ነጋዴ ደጁ ድረስ መጥቶ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ ማኅበሩ ግን ከባንክ የጠየቀው ብድር ገና አልተለቀቀለትም። አባሉ ለማን ይሽጥ? አመራሩስ ምን ያድርግ? ከነጋዴ ጋር በዋጋ ይፎካከር ወይስ ከፊሉን ክፍያ አሁን ሰጥቶ ቀሪውን ከሽያጭ በኋላ ያስብ? «አባላት ታማኝ አይደሉም» ብሎ መውቀስ ብቻ መልስ አይሆንም።

እንዲህ ዓይነቱ ክርክር ሐርቫርድ መሄድ አያስፈልገውም፤ ጠቅላላ ጉባኤ ይበቃዋል። የሚያስፈልገው አመራሩ ትርፉን ብቻ ሳይሆን ኪሳራውንም ከነምክንያቱ ለአባላት ማቅረቡ፣ ሴት አባላትም ሐሳባቸውን እንዲሰጡ መድረኩን መክፈቱ ነው። የተደበቀ ኪሳራ በዓመቱ ይደገማል፤ በጉባኤ የተመረመረ ኪሳራ ግን ትምህርት ይሆናል።

መልካም በዓል!