ከዘጠናው ቀን በኋላ



አንዲት እናት በወለደች በመጀመሪያው ሰዓት ልጇን እንድታጠባ፣ እንገሩን እንዳትደፋ፣ ቅቤም ሆነ የስኳር ውኃ እንዳታስቀምስ መምከር ለአዋላጅ ነርስ የዘወትር ሥራ ከሆነ ውሎ አድሯል። ምክሩም ፍሬ አፍርቷል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ከመቶ ሕፃናት 73ቱ በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ጠብተዋል፤ ከጡት በፊት ሌላ ነገር የቀመሱት ከመቶ 8 ብቻ ነበሩ። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላስ እንደ በረከት ይቆጠር በነበረበት አገር ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ይሁን እንጂ ያው ጥናት ሌላም ነገር ይናገራል። የእናት ወተት ብቻ የሚመገቡት፣ ከ2 ወር በታች ካሉት ሕፃናት መካከል ከመቶ 74 ሲሆኑ፣ 4 እና 5 ወር ከሞላቸው መካከል ግን ወደ 36 ያሽቆለቁላሉ። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው 6 ወር ሙሉ መሆኑ በዚህ አዳራሽ ላለ ሁሉ የታወቀ ነው። የቁልቁለቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ የገጠሪቱና የከተማይቱ እናት ችግርም አንድ አይደለም። የዚህ ንግግር ጉዳይ ደመወዝተኛዋ እናት ናት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣታል። ከቀደመው ሕግ የተሻለ ነው። ነገር ግን 90 ቀን 3 ወር ነው፤ ሕፃኑ የሚያስፈልገው ደግሞ 6 ወር ነው። በመካከሉ ያለውን 3 ወር የሚሸፍነው ምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ጡጦ ነው። እናቲቱ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ሳምንት ሲቀራት፣ ከዘመድ አንዷ «ከአሁኑ ይልመድ» ትላለች፤ የዱቄት ወተት ወይም በውኃ የቀጠነ የላም ወተት ይጀመራል። በግንቦት ወር 1973 ዓ.ም. የዓለም የጤና ጉባኤ የእናት ወተት ተተኪዎችን የንግድ ማስታወቂያ የሚገታ ደንብ ያወጣው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ዳሩ ግን በዘመድ ምክር የሚገባውን ጣሳ ደንብ አያግደውም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለመረዳት የጡትን አሠራር ማወቅ ያሻል። ብዙ ሰው ጡትን እንደ እንስራ ያየዋል፤ ካልተቀዳበት ተቆጥቦ የሚቆይ ይመስለዋል። ወተት ግን በጡት ውስጥ ሞልቶ ሲቆይ ለሠሪዎቹ ሕዋሳት «ይብቃ» የሚል ምልክት ይሰጣል፤ ሲወጣ እንደገና ይሠራሉ። ስለዚህ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ጡቷ ሳይነካ የምትውል እናት፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወተቷ ይቀንስባታል። በቀነሰ ቁጥር «ደረቀብኝ» ብላ ጡጦ ትጨምራለች፤ ጡጦ በተጨመረ ቁጥር ልጁ ጡቱን ይተዋል።

መፍትሔው ወተቱን ማለብ ነው። ቃሉ ለላም ስለ ተለመደ አንዳንዷን እናት ያሳፍራታል፤ የተሻለ ቃል እስኪገኝ ድረስ ግን ሥራውን ከማስተማር አያግድም። በእጅና በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማለቢያዎች አሉ፤ የጣት ዘዴ ግን ገንዘብም መብራትም አይጠይቅም። እናቲቱ እጇን በሳሙና ትታጠባለች፤ አፈ ሰፊ ንጹሕ ኩባያ ታዘጋጃለች፤ ጡቷን በቀስታ ታሻለች። የልጇን ልብስ ማሽተት ወተቱን የሚያወርድላት እናት ጥቂት አይደለችም። ከዚያም አውራ ጣቷን ከጥቁሩ ክብ በላይ፣ ሌባ ጣቷን በትይዩ ከበታቹ ታደርግና ወደ ደረቷ ገፋ ታደርጋለች፤ ጣቶቿን ታቀራርባለች፤ ትለቃለች። ጫፉን መጎተት ወይም ጣትን በቆዳ ላይ ማንሸራተት ያቆስላል እንጂ ወተት አያወጣም። መጀመሪያ የሚታየው ጠብታ ብቻ ስለሆነ ብዙዎች በዚሁ ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ለታገሠች ግን ይፈልቃል። ሁለቱን ጡቶች እያፈራረቁ ማለብ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ልምምዱ ሥራ ከመግባቷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢጀመር፣ በሥራ ቀንም በየ3 ሰዓቱ ገደማ ቢደገም መልካም ነው።

የት ትለብ? ይህ ጥያቄ የሐኪም ሳይሆን የሥራ መሪ ጥያቄ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 እናቶች የሚያጠቡበት የሕፃናት ማቆያ በየመሥሪያ ቤቱ እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር። ማቆያው ባይኖር እንኳ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል፣ አንድ ወንበርና የእጅ መታጠቢያ ይበቃሉ። እናት የልጇን ምግብ በመጸዳጃ ቤት ቆማ እንድታዘጋጅ ማድረግ ነውር ነው።

የታለበው ወተት ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ክፍል 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ 4 ቀን ይቆያል። እንግዲህ ለአዲስ አበባ የሚሠራው ለሰመራ አይሠራም፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈርም ማቀዝቀዣን ማመን አይገባም። ቅባቱ ተንሳፎ መለየቱ የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ በቀስታ ማወዛወዝ ይበቃዋል። ወተቱ በእሳት አይፈላም፤ ዕቃው ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል።

ሌሊት ግን ልጁ ከጡቱ ባይለይ ይመረጣል፤ ወተት የሚያሠራው ሆርሞን በሌሊት ይበረታልና።

ቀን ከሕፃኑ ጋር የምትውለው አያት ወይም ሞግዚት ጡጦ አያስፈልጋትም፤ ሲኒ ይበቃታል። የጡጦ ጎማ ለማጠብ ያስቸግራል፤ ሲኒ ግን ከውስጥ የሚደበቅበት ጉድፍ የለውም። ሕፃኑ ነቅቶ ሳለ ቀና ተደርጎ ይታቀፋል፤ የሲኒው ጠርዝ በታችኛው ከንፈሩ ላይ ያርፋል፤ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ድረስ ብቻ ዘንበል ይላል። ወተት በአፉ አይፈስበትም፤ ራሱ በምላሱ እየላሰ ይወስዳል። ሲበቃው አፉን ይገጥማል፤ በዚያው ይቆማል።